«ልዩ ልዩ» የተባለው ዕዳ

ሰው መጥፎ ልማዱን ለመተው ሲነሣ ትግሉ ከማን ጋር ነው? ብዙዎቻችን ያለ ማመንታት «ከነፍሲያው ጋር ነዋ!» እንላለን። መልሱ ትክክል ነው። ግን ሙሉ ነው ወይ? እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሙሉ ይመስለኝ ነበር። ሲጋራን ለመተው ደጋግሜ ከነፍሲያዬ ጋር ታግዬ ደጋግሜ ተሸንፌያለሁ። በዚህ ትግል ውስጥ ከእኔና ከነፍሲያዬ ሌላ ሦስተኛ ወገን እንዳለ የገባኝ ግን በአንዲት ጠባብ የሰፈር ሱቅ ባንኮኒ ፊት ቆሜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ጋምቤላ ከተማ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የጋምቤላን ፀሐይ የቀመሰ ሰው ያውቃታል፤ በቀትር ከጥላ መውጣት ለአዋቂም ይከብዳል። እንዲህ ባለ አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ ማንጎው ሥር አረፍ ባልኩበት፣ ባለቤቴ የሰባት ዓመት ልጃችንን ዳቦና ሳሙና እንዲያመጣ ወደ ሱቅ ላከችው። ሮጦ ሄደ፣ ሮጦ መጣ። ዳቦውንና ሳሙናውን ለእናቱ አስረከበና ወደ እኔ ዞሮ የጨበጣትን መዳፉን ዘረጋልኝ። በመዳፉ ላይ በላቡ የራሱ ሁለት ፍሬ ሲጋራዎች ነበሩ። «ማን አዘዘህ?» አልኩት። «ማንም አላዘዘኝም። ሱቅ ያለው ልጅ ‹የአባትህን› ብሎ ሰጠኝ» አለኝ።

የአባትህን! አንባቢ ሆይ፣ ይህችን አንዲት ቃል ሰምቼ ስንት ነገር እንዳሰብኩ ብነግርህ ገጹ አይበቃኝም። ልጁ አልገረመውም፤ ለምን እንደተሰጠውም አልጠየቀም። በእርሱ ሒሳብ ዳቦ የቤቱ፣ ሳሙና የእናቱ፣ ሲጋራ ደግሞ የአባቱ ነው። ባለሱቁም ሊያሳስተው አልፈለገም። እንዲያውም ደንበኛውን ማስታወሱ ነበር። በዚያ ሱቅ ውስጥ እኔ ባልኖርም እኔን የሚወክል አንድ ነገር በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር ማለት ነው።

እስቲ ስለ ሱቁ ትንሽ ልንገራችሁ። ባለሱቁን ሰፈሩ በሙሉ «ሐጂ» ይላቸዋል። ሐጅ አድርገው አያውቁም። ከዓመታት በፊት ሱቁን ሲከፍቱ ነጭ ኮፍያቸውንና የረጋ ጠባያቸውን ያየ ሰው ሐጂ አላቸው፤ ስሙም ጸና። አንድ ቀን ይህንኑ አንሥቼ ባጫውታቸው «ስሙን ሰው አሸከመኝ። ሐጂ እየተባልኩ ሚዛን ማጉደል ደግሞ አልሆነልኝም» ብለው ሳቁ። ይህን አባባላቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንደ እኛ ባለ ከተማ ሱቅ ዕቃ መሸጫ ብቻ አይደለም። ጋምቤላ ራሷ ከንግድ የተወለደች ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። መርከቦቹ የሚመጡት ባሮ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ መርከብ የለም፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ ይደርሰናል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ደሞዝ ሲዘገይ የአንድ ቤተሰብ እራት የሚወሰነው በባለሱቁ ደብተር ላይ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማችን በተኩስ በተናጠችበት ጊዜና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጭንቅ ቀናት፣ ሐጂ በጓሮ በር ዱቄትና ስኳር ለጎረቤቶቻቸው ሲያቀብሉ ብር ያለውንና የሌለውን አልለዩም። አኙዋው፣ ኑዌሩም፣ ከደጋ የመጣውም በየቋንቋው ሰላምታ እየሰጠ የሚቆመው በዚያው ባንኮኒ ፊት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሙስሊሙ በክልሉ ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነበር። ቁጥራችን ትንሽ በሆነበት አገር አንድ ታማኝ ሙስሊም ነጋዴ ለብዙዎች ስለ እስልምና የሚያነቡት የመጀመሪያው ገጽ ነው።

አማርኛችን ለዘወትር ገዥ የሰጠው ስም «ደንበኛ» የሚል ነው። ይኸው ቃል እውነተኛውንና ደንቡን የጠበቀውን ነገርም ያመለክታል፤ «ደንበኛ ሐኪም»፣ «ደንበኛ አናጢ» እንላለን። በአንድ ሱቅ ደንበኛ መሆን እንግዲህ ራሱን የቻለ መልካም ልማድ ነው። መተማመንና መጠያየቅ አለበት፤ «ዛሬ ለምን ዘገየህ?» የሚል ሰው ማግኘትም አለበት። የእኔ ችግር መጥፎው ልማዴ በዚህ መልካም ልማድ ጀርባ ላይ ታዝሎ መኖሩ ነበር። ለስኳር ስሄድ ሲጋራው አብሮኝ ይመለሳል። ሰላምታው ሳያልቅ እጃቸው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚለው ተረት በእኔ ላይ ብቻ ሳይሆን በባለሱቁም እጅ ላይ ይሠራ ነበር።

ልጄ ሲጋራ ይዞልኝ በመጣበት ማታ የዱቤ ደብተራችንን አውጥቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሐጂ ጽሑፋቸው ጥሩ ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ ክብሪት ተራ በተራ ተጽፏል። በየሁለትና በየሦስት መስመሩ ግን «ልዩ ልዩ» የሚል አለ። ልዩ ልዩው ምን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ባለቤቴ ደብተሩን እንደምታይ ስለሚያውቁ ሐጂ ሲጋራዬን በስሙ አልጻፉትም። ቁጭ ብዬ የአንዱን ወር ልዩ ልዩ ደመርኩት። ከዘይቱና ከስኳሩ ድምር በልጦ አገኘሁት።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተውባ አደረግሁ፤ ሲጋራ ላልነካም ለአላህ (ሱ.ወ.) ቃል ገባሁ። ቀጥሎ ያደረግሁት ግን ሐጂ ሱቅ መሄድ ማቆም ነበር። ምክንያቴ ለራሴ ጥሩ መስሎ ታየኝ። «እዚያ ብሄድ እጃቸው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። እጃቸው ከሄደ የእኔም እጅ ይዘረጋል። ስለዚህ ከፈተና መራቅ ነው» አልኩ። ከሥራ ስመለስ በሌላው መንገድ እዞር ጀመር። ዳቦውንም ስኳሩንም ከሌላ ቦታ በእጅ በእጅ እገዛለሁ። የነበረብኝን 1,860 ብር ዕዳም «ደሞዝ ሲወጣ» እያልኩ አቆየሁት።

ሐኪሞች እንደሚሉት ሲጋራን ያቆመ ሰው ሰውነቱ ክፉኛ የሚታወከው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጭንቁ እየቀለለ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው ሆነልኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት በራስ ምታትና በቁጣ አሳለፍኩት፤ ከዚያ ቀለለኝ። በ19ኛው ቀን በገበያው በኩል ሳልፍ ባትሪ ልገዛ አንድ የማላውቀው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ስልኩን እያየ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝም። ባትሪውን ሰጠኝ። «ሌላስ?» አለኝ። «ሁለት ፍሬ ሲጋራ» አልኩት!

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህንን ሳስታውስ ዛሬም ያሳፍረኛል። ሰውነቴ ሲጋራውን አልጠየቀም ነበር፤ የጨነቀኝም ነገር አልነበረም። ታዲያ ምን ጠየቀ? ባንኮኒው ነው የጠየቀው። ከባንኮኒ ፊት ቆሞ «ሌላስ?» ሲባል «ሁለት ፍሬ» ማለትን ምላሴ ዐሥራ አንድ ዓመት ለምዶታል። ከሐጂ ሱቅ ሸሽቼ ልማዴን በሌላ ሱቅ አገኘሁት። የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ ሱቅ የማፍረው ሰው አልነበረም። ያልታወቀ ሰው የሚያፈርሰው ቃል ኪዳንም አይታወቅበትም።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ላስታውሳችሁ። አጫሹ ሙስሊም በረመዷን ከንጋት እስከ መግሪብ ሲጋራ አይነካም። በእኛ አገር ይህ 13 ሰዓት ያህል ነው፤ ለሠላሳ ቀን ያህልም በየዕለቱ ይደጋገማል። በሌላው ወር ግን ይኸው ሰው ለሁለት ሰዓት እንኳ «አልችልም» ይላል። በረመዷን የቻለው ለምንድን ነው? ኒያውና ኢማኑ ዋናው ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። በረመዷን ቀን ሙስሊሙ ባለሱቅ ለጿሚው ሲጋራ አያቀርብም፤ ጎረቤት «እንካ ለኩስ» አይልም፤ ቤተሰብም መተርኮሻ አያቀርብም። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ይተዋል። በዒድ ጧት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ያ ሰውም አብሮ ይመለሳል። ልማድ እንግዲህ በሰውየው ሳንባ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። በሚያውቁት ሰዎች እጅና አንደበት ውስጥም ተቀምጧል።

ታሪክም ይህንኑ ያሳየናል። ትምባሆ በሙስሊሙ ዓለም በተስፋፋ ጊዜ ዑለማእ ብዙ ተከራክረውበታል፤ በዘመናችን ጉዳቱ በሕክምና ከተረጋገጠ ወዲህ በርካታ ዑለማእ ሐራም መሆኑን ተናግረዋል። የዑስማኒያው ሱልጣን ሙራድ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1633 ትምባሆን ከልክሎ፣ ቡና ቤቶችን ዘግቶ፣ አጫሾችን እስከ ሞት ይቀጣ ነበር። በዚያው ዘመን የኖረው ታላቁ ጸሐፊ ካቲብ ቸለቢ ግን ቅጣቱ ሲበረታ የአጫሹም ቁጥር እንደ በረታ ታዝቧል። በአገራችንም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ በሚያጨስ ላይ ከባድ የአካል ቅጣት መደንገጋቸው ይነገራል። ትምባሆው ግን ከዐፄው ዘመን አልፎ እዚህ ደርሷል። ጎራዴ አጫሹን ነጥሎ ያገኘዋል፤ ገዥንና ሻጭን፣ ጎረቤትንና ጎረቤትን ያስተሳሰረውን የልማድ ክር ግን አይቆርጠውም።

ከዚህ ጋር አስካሪ መጠጥ በመዲና የተከለከለበትን ሁኔታ አነጻጽሩት። ክልከላው በአንድ ቀን አልወረደም፤ ደረጃ በደረጃ ሕዝቡን እያዘጋጀ መጣ። የመጨረሻው ትእዛዝ በታወጀ ጊዜ ወጣቱ አነስ ኢብኑ ማሊክ በአቡ ጠልሐ ቤት ለተሰበሰቡት ሰዎች መጠጥ እየቀዳ ነበር። የአዋጁን ድምፅ እንደ ሰሙ አቡ ጠልሐ መጠጡን አውጥቶ እንዲደፋው አዘዙት፤ እርሱም ደፋው። የመዲና መንገዶችም በተደፋው መጠጥ ራሱ። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የቀጂውን ዕድሜ ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ጠጪው ብቻ ጽዋውን አላስቀመጠም፤ የሚቀዳውም ልጅ ማሰሮውን አስቀመጠ። ጋባዡም፣ ተጋባዡም፣ ቀጂውም በአንድ ሰዓት ተዉ። እኔ ግን ጽዋዬን ሳስቀምጥ ለቀጂው አልነገርኩም ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ከመጥፎ ቦታ ሽሽ የሚለው ትምህርት የት ደረሰ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ለመሸሼ ማስረጃ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋው ሰውዬ ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ሐዲስ ነው። ሰውዬው ተውባ ፈልጎ ወደ አንድ መነኩሴ ሄደ፤ መነኩሴው ተስፋ ቢያስቆርጠው እርሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። በኋላ ያገኘው ዓሊም ግን የተውባ በር እንዳልተዘጋበት ነገረው፤ የሚኖርበትም አገር ክፉ ነውና ትቶት እንዲሄድ መከረው። እኔ ታሪኩን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነበር የያዝኩት። ዓሊሙ ግን «ሂድ» ብሎ አላቆመም። ወዴት እንደሚሄድም ነግሮታል፤ አላህን ወደሚገዙ ሰዎች ዘንድ ሄዶ አብሯቸው እንዲገዛ ነበር ምክሩ። ሰውዬው ከሰዎች ወደ ሰዎች ነው የተላከው። እኔ ደግሞ ከሚያውቁኝ ሰው ተነሥቼ ወደማያውቀኝ ሄድኩ። ይህ ስደት ሳይሆን መሸሸግ ነው።

ስለሆነም በማግስቱ 1,860 ብሬን ይዤ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ከዓሱር በኋላ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰላምታዬን በዝግታ መለሱልኝ። እንደ ወትሮው እጃቸው ወደ መደርደሪያው አልሄደም።

«ቤት ቀየርክ ወይስ ሰው ቀየርክ?» አሉኝ።

ብሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። «ሲጋራ ነው የተውኩት ሐጂ። እዚህ ስመጣ እንዳያምረኝ ብዬ ነው የጠፋሁት» አልኳቸው። ቀጥዬም የልጄን ነገር፣ ከዚያም ገበያው ዘንድ የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ዝም አሉ። ብሩን ሳይቆጥሩ ወደ ጎን አደረጉትና «እኔስ በዕዳው የሸሸኸኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «በዚያኛው መንገድ ስትዞር አየሁህ። በልቤ ‹ይሄም እንዲህ ሆነ!› አልኩ። ለሰው አላወራሁም፤ ግን በልቤ ብዙ አማሁህ። አፉ በለኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ ተውባዬን ለማዳን ያደረግሁት ነገር አንድን ደግ ሰው በመጥፎ ጥርጣሬ ላይ ጥሎት እንደ ነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። ገንዘባቸውን ይዤ፣ ሰላምታዬን ነሥቼ፣ ከዚያም «ከፈተና ራቅሁ» ብዬ ተኝቼ ነበር! ከአላህ ጋር ታርቄያለሁ ያልኩት ከባሪያው ጋር ተቆራርጬ ነው። የሰው ሐቅ ያለበት ተውባ ሐቁን ሳይመልስ እንደማይሟላ ከልጅነታችን ተምረነዋል፤ እኔ ግን ተምሬውም ረስቼው ነበር።

ይቅርታ ከተጠያየቅን በኋላ ስለ «ልዩ ልዩ» አነሣሁባቸው። «ባለቤትህ ደብተሩን ታየዋለች ብዬ ነዋ። የወንድምን ነውር መሸፈን አጅር አለው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሙስሊም ወንድሙን ነውር የሸፈነ አላህም እንደሚሸፍንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሐጂ ግን ቆየት ብለው ራሳቸው ሌላ ነገር አስታወሱ። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ ማለትም የአል-በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ ነው። ዕዳ እንዲጻፍና ጸሐፊውም በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። «እኔ እንግዲህ ሲጋራን ‹ልዩ ልዩ› ብዬ ስጽፍ በፍትሕ ጽፌያለሁ?» ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ደብተሩን ዘግተውም «ነውርህን የሸፈንኩ መስሎኝ ሳሳድገው ኖሬ ነዋ! አድጎ አድጎ ልጅህ እጅ ገባ» አሉኝ።

ይህ ንግግራቸው ብዙ አስተማረኝ። አንድ ሰው የሠራውንና የተጸጸተበትን ነውር መሸፈን አንድ ነገር ነው። ነውሩ በየዕለቱ እንዲቀጥል መጋረጃ መያዝ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሰውየው ይድናል፤ በሁለተኛው የሚድነው ነውሩ ነው። በየሰፈራችን ከደግነት የተነሣ ስንት «ልዩ ልዩ» ይጻፋል? የወንድሙን መጠጥ ለእናቱ «ሥራ ይዞት ነው» ብሎ የሚሸፍን፣ የጓደኛውን ቁማር «ተቸገረ» እያለ በብድር የሚደግፍ፣ ሁሉም በልቡ ደግ ነኝ ይላል።

እንግዲህ ሐጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጋራ መሸጥ አቆሙ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ግን አላቆሙም። «ዛሬውኑ አቆማለሁ ብልህ ዋሸሁህ። ለሲጋራ የመጣ ነው ዳቦም ዘይትም የሚገዛኝ። ዱዓ አድርግልኝ፤ እያሰብኩበት ነው» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ። ከእንግዲህ ልጅ ከዚህ ሱቅ ሲጋራ ይዞ አይወጣም፤ የማንም ልጅ!» ወዲያው የሚረዳቸውን ልጅ ጠርተው በእኔ ፊት ነገሩት። ነገሩ የሕግም ነገር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ወደዚያ ባንኮኒ የገባው ግን አንድ ደንበኛ አፍሮ በተናገረ ቀን ነው።

በሐጂ ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ? አልረካሁም፤ ይህንኑም በአክብሮት ነግሬያቸዋለሁ። ነገር ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እየገዛሁ ሳበረታታቸው የኖርኩት እኔ፣ በ19 ቀን ተውባዬ እሳቸውን ለመኮነን ምን ወግ አለኝ? እኔ የምተወው ልማድ አለኝ፤ እሳቸውም የሚተዉት ልማድ አላቸው። አሁን ሁለታችን እየተያየን እንተዋለን። የእኔ በአንድ ቀን ካልሆነ የእሳቸውንም በትዕግሥት መጠበቅና ማስታወስ ግዴታዬ ነው።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር እንዳይምታታ እፈልጋለሁ። «ከመጥፎ ቦታ አትራቁ» እያልኩ አይደለም። ሙሉ ሥራው ሱስ የሆነ ቤት አለ፤ የጫት ማስቃሚያው፣ የሺሻ ቤቱ፣ የመጠጥ ቤቱ። እዚያ መጥፎው ልማድ የታዘለበት መልካም ጀርባ የለም፤ ልማዱ ሲወርድ ቤቱም አብሮ ይወርዳል። ከዚህ ዓይነቱ ቦታ ወደ ኋላ ሳያዩ መውጣት ነው። የሰፈር ሱቅ፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ዘመድ ግን እንደዚያ አይደሉም። ከእነርሱ ጋር መልካሙም መጥፎውም ተጠላልፎ አለና ጥበቡ ማዘያውን ፈትቶ መጥፎውን ማውረድ ነው። ማዘያው ደግሞ የሚፈታው በንግግር ነው። «ትቻለሁና አትስጠኝ፤ ብጠይቅህም አትስጠኝ» ማለት ያሳፍራል። እኔን ያሳፈረኝን ያህል ግን ጠቅሞኛል።

ለሚተው ሰው ይህን ካልኩ ለሰፈሩም አንድ ቃል ልጨምር። ሰው በተጠራበት ስም ይኖራል። ሐጅ ያላደረጉትን ሰው ሰፈሩ «ሐጂ» ብሎ ሚዛን እንዳያጎድሉ አደረጋቸው። ያው ሰፈር እኔን «የአባትህን» በሚል ቃል አጫሽ አድርጎ በልጄ እጅ ወደ ቤቴ ላከኝ። እንግዲህ በአንደበታችን ያለው ኃይል ይህን ያህል ከሆነ፣ አንድ ሰው መስጊድ መመላለስ ሲጀምር «ይሄ እኮ ትላንት…» የምንለው ለምንድን ነው? አላህ የሰረዘውን ኃጢአት በደብተራችን ላይ ይዘን የምንቆየው ምን ሊጠቅመን ነው? የተወውን ሰው ትላንት በነበረበት ስም አትጥሩት። እጃችሁም ወደ ድሮው መደርደሪያ አይሂድ።

እኔ ዘንድሮ ሁለተኛውን ረመዷን ያለ ሲጋራ ጾሜ፣ ሁለተኛውንም ዒድ ያለ ሲጋራ አክብሬያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። አሸንፌያለሁ ብዬ አልፎክርም፤ ሱስን የሚያውቅ ሰው አይፎክርም። የሐጂ ሱቅ ደንበኛነቴ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ሐጂም እስካሁን እያሰቡበት ነው፤ እኔም እስካሁን ዱዓ እያደረግሁላቸው ነው። ባለፈው ወር ደብተሩን ስናይ ባለቤቴ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳርፋ ቀና ብላ አየችኝ። «ልዩ ልዩ» ይላል! ደንግጬ ወደ ሱቁ ሄድኩና ሐጂን ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «መርፌና ክር፣ የልጅህ መቅረጫ፣ ሁለት ቁልፍ። ምን ልበለው ታዲያ?» አሉኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው ሦስቱንም በየስማቸው ጻፏቸው።

አላህ ተውባችንን ይቀበለን፤ ጎረቤቶቻችንንም በተውባችን ላይ ረዳቶች ያድርግልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።